ጋሽ አንጁሎን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ

ሰው ሁሉ «ቅናተኛ ነህ?» ሲባል «እኔ? ኧረ በፍጹም!» ይላል። እኔ ግን ልንገራችሁ፤ ቅናተኛ ነኝ። ትንሽ ትንሽ አይደለም፣ ደህና አድርጌ። ጎረቤት አዲስ መጥረጊያ ሲገዛ የቤታችን ወለል ያስጠላኛል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ካየሁ የት እንደሚወርድ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በከተማችን ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ ሰፈር ደግሞ እንቅልፍ የሚያስወስድ መንገድ አይደለም። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ስትሰሙ «እንዴት ሰው እንዲህ ያደርጋል?» አትበሉ። ያደረገው ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሲቪክስ የሚያስተምረን ቲቸር ዘነበ የዶርዜ ልጅ ነው። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንኛውንም ነገር ገልብጦ ጀርባውን ሳያይ የማያምነው። ጋቢ ሲሰጡት ገልብጦ ያያል። ዜና ሲነግሩትም ገልብጦ ያያል። አንድ ቀን ክፍል ገባና ጠመኔውን ሳያነሣ፣

«እናንተ ልጆች ታነባላችሁ፣ ታምናላችሁ፣ ለሌላው ትልካላችሁ» አለ። «መሀል ላይ አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን ቲቸር?»

«ማሰብ።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍላችን የራሱ ብሎግ ኖረው።

ቲቸር ስልኩ ላይ የብዙ የዜና ገጾችን ወሬ አንድ ላይ ሰብስቦ በየሰዓቱ የሚያወርድ ነገር ነበረው። እሱ «ፊድ» ይለዋል፤ እኛ «የዜና ቧንቧ» አልነው። ከሰፈራችን ቧንቧ የሚለየው በየቀኑ መምጣቱ ነው። ሥራችን ቀላል ይመስላል። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን ከቧንቧው አንድ ዜና እንቀዳለን፤ ያንኑ ዜና ሌላ ገጽ ላይ ፈልገን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ማን አለው? እንዴት አወቀ? ያልተጠየቀውስ ማን ነው? ያሰብነውን ብሎጉ ላይ እንጽፋለን፣ ሌላው ከሥር አስተያየት ይሰጣል። ሰውን መቃወም ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያ ያለውን ነገር መልሰህ ጽፈህ «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» ማስባል አለብህ።

«በአባቴ አገር ሽማግሌዎች አደባባይ ሲቀመጡ እንዲህ ነው» አለ ቲቸር። «የሌላውን ቃል ሳያነሣ የራሱን የሚጥል የለም።»

እስከዚህ ድረስ ምንም አልሆንኩም። ያጠፋኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው፤ «ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከመካከላችሁ አንድ ሰው የብሎጉ አዘጋጅ ይሆናል።»

አዘጋጅ! ስሙ ከገጹ አናት ላይ ይጻፋል። የማን ጽሑፍ ከላይ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍም እሱ ጋ ይሆናል። ስሜን አናት ላይ አየሁት። የሌላው ሁሉ ከሥሬ ተደርድሮ አየሁት። በተለይ የአንድ ሰው ስም ከሥሬ ሲሆን አየሁና ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

ያ ሰው ብርቱካን ናት። ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ከምዕራብ ዓባያ መጥታ ሲቀላ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ። ስሟ ብርቱካን ይሁን እንጂ አባቷ የሚያመርቱት ሙዝ ነው። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትጽፋለች፣ ቀስ ብላ ሁሉንም ትበልጣለች። ቸኩላ ብትበልጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ደክሟታል እላለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደረሰ። እኔ ከቧንቧው ትልቁን ዜና ቀዳሁ፣ የዓለምን ሰላም። «ዓለማችን ዛሬ ከመቼውም ጊዜ በላይ በከፍተኛ ፈተና ውስጥ ትገኛለች» ብዬ ጀምሬ በዚያው ፈተና ውስጥ ሁለት ገጽ ተጓዝኩ። ጽፌ ስጨርስ ራሴን ፈራሁት። ብርቱካን ደግሞ ምን መረጠች መሰላችሁ? ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በአገሯ ሙዝ ጣለ የሚል አራት መስመር ዜና። አንደኛው ገጽ «ሰፊ ጉዳት» ይላል፣ ሌላኛው «መጠነኛ ጉዳት»። እሷ ጠየቀች። ሰፊ ማለት ስንት ነው? ማን ለካው? አባቷ ጋ ደወለች። የመንገድ ዳሩ ሙዝ ተኝቷል፣ የእነሱ ግን ከማንጎ ዛፎቹ ጀርባ ስለሆነ ቆሟል አሏት። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ዜናው መንገድ ዳር ቆሞ ተመልሷል። ከማንጎው ጀርባ አልሄደም።»

ቲቸር ይህንን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ደግሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ! መዝሙር ነው እንዴ?

ከብርቱካን ጽሑፍ ሥር አሥራ ሰባት አስተያየት ተደረደረ። ከኔ ሥር አንድ። እሱም የቲቸር ነው፤ «ዓለማችን ማን ናት? ፈተና ላይ መሆኗንስ እንዴት አወቅሽ?» ይላል።

ያን ቀን ዴስካችን ጠበበኝ። ክርኗ ክርኔን ሲነካው «እስቲ ጠጋ በይ!» አልኳት።

«ግድግዳው ጋ ደርሻለሁ እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እንግዲህ ቲቸር «ወላጆችም ሌላ ሰውም ከውጭ ገብቶ አስተያየት ይስጥ» ብሎ በሩን ከፍቶት ነበር። የተከፈተ በር ደግሞ ሌባን ብቻ አይደለም የሚጠራው። እማዬ ከሴቻ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ጋደም የምትልበት ሰዓት አለ፤ ስልኳን የማገኘው ያኔ ነው። በስልኳ አዲስ ስም አወጣሁ፤ አንጁሎ። የምዕራብ ዓባያ ገበሬ፣ ጎልማሳነት ያለፋቸው፣ ቁጡ፣ ዓይናቸው ግን ገና ደህና የሆነ። ከብርቱካን ጽሑፍ ሥር ገቡና፣

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ የሙዝ ግንድ እየለቀምኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። አንቺ አባትሽን ብቻ ጠይቀሽ ስለ አገር ታወሪያለሽ? አንድ ሰው ስለተናገረ ነው እውነት የሚሆን?» አሉ።

ስልኩን ቦታው መልሼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

በማግስቱ ክፍሉ ታመሰ። «ገበሬ ጻፈ! ገበሬ አነበበን!» ቲቸር ዘነበ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ብርቱካንን አየኋት፤ አንገቷን ትደፋለች ብዬ ነው። እሷ ግን ስልኳን ትኩር ብላ አየችውና፣ ትንሽ ፈገግ ብላ መልስ ጻፈች። «ጋሼ፣ ሰላም ይስጥልኝ። ያሉኝ ‹አንድ ሰው ብቻ ጠይቀሽ ስለ ብዙ ሰው አትናገሪ› ነው። በትክክል ተረድቻለሁ? ከሆነ ልክ ነዎት። ጎረቤቶቻችንን ጠይቄ እመለሳለሁ።»

ጠይቃም ተመለሰች። ሁለተኛው ጽሑፏ ከመጀመሪያው በለጠ። ሃያ ስድስት አስተያየት! እኔ ልገፋት ብዬ ደግፌ አቆምኳት። እንደኔ ያለ ጠላት ለጠላት አይመኙትም፤ ለወዳጅ ግን ይመኙታል።

እንግዲያው ጋሽ አንጁሎ ለኔ ይሥሩ ብዬ ወሰንኩ። ከኔ ጽሑፍ ሥር አመጣኋቸውና «ይህችን የወለደ ማሕፀን ይባረክ! እንዲህ ያለ ብዕር አይቼም አላውቅ!» አስባልኳቸው። ክፍሉ ወዲያው ተጠራጠረ። በኔ አይደለም፣ በሳቸው ጤና።

«ጋሽ አንጁሎን ዛሬ ምን ነካቸው?»

«ምሳ ከብዷቸው ነው።»

«ሌላ ሰው ስልካቸውን ወስዶ ይሆናል» ያለው ልጅ እንኳ ልቤን አቁሞት ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳቁበት።

ስለዚህ እንዲታመኑ በኔ ላይም ቆጣ እንዲሉ ማድረግ ግድ ሆነ። ቀጣዩ ጽሑፌ ስለ ወጣቶችና ቴክኖሎጂ ነበር። ጋሽ አንጁሎ ገቡ፤ «ልጄ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጽሑፍሽ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ወጣት ወጣት ትያለሽ፣ አንዱን እንኳ በስሙ አልጠራሽውም። ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሬዲዮ ነው የመሰለኝ።»

ጽፌ ላክሁት። አነበብኩት። አለቀስኩ። ራሷ በጻፈችው ስድብ የምታለቅስ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የባሰው ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። ከዚያም የባሰው፣ ቲቸር ያንን አስተያየት ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። «ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሬዲዮ! እንዲህ ነው የሚጻፈው! አያችሁ? ትምህርት ቤት ያልዋለ ሰው ነው ይህንን ያለው!»

እኔ እኮ ትምህርት ቤት ውዬ ነው ያልኩት። ማን ይንገረው?

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅናት ተሸክሜ መሄድ ጀመርኩ፤ አንዱ በብርቱካን፣ አንዱ በጋሽ አንጁሎ። በስሜ ስጽፍ እጄ ይተሳሰራል፤ «ከዚህ አንጻር»፣ «ከዚህም በተጨማሪ» እያልኩ እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እደረቃለሁ። በሳቸው ስም ስጽፍ ግን አፌ ላይ እንደመጣልኝ እጠይቃለሁ። «ይህን ባለሥልጣን ማን አየው?» «ሐኪሙ ተጠየቀ፣ በሽተኛውስ?» «ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ቃል የተጠቀሙት ተገናኝተው ነው ወይስ አንዱ ከአንዱ ገልብጦ?» ልጆቹ የሳምንቱን ጽሑፍ የሚጽፉት ለቲቸር መሆኑ ቀረ፤ «ጋሽ አንጁሎ ምን ይሉኝ ይሆን?» እያሉ ነው። እኔን አንድ ሰው «ምን ትያለሽ?» ያለኝ የለም።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አስተያየት በተጻፈ ቁጥር የእማዬ ስልክ ጢን ይላል። እማዬ ከፍታ ማንበብ ጀመረች።

«አንቺ፣ ይሄ ‹ጋሼ እንደምን ዋሉ› የሚለው መልእክት ለምንድነው ወደኔ የሚመጣው?»

«የክፍላችን ብሎግ ነው እማዬ። ወላጆች እንዲያዩት ነው።»

«አሃ።» መነጽሯን አደረገች። ሳምንት አልሞላም፣ አድናቂ ሆነች። እራት እየበላን፣ «ሰውየው እንዴት ያለ አእምሮ ነው ያላቸው! ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ቢኖረን» ትላለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «አንቺም እንደሳቸው ብትጽፊ ምናለ?»

«ወጥ ልጨምርልሽ?» አልኳት።

ሴሚስተሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ቲቸር እጆቹን እያሻሸ ገባ። «የብሎጉን አዘጋጅ እኔ አልመርጥም። ከውጭ ሆኖ የሁላችሁንም ጽሑፍ ያነበበ አንድ ሰው አለ። ጋሽ አንጁሎ የወላጆች ቀን መጥተው ይመርጡልናል!»

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ግማሽ ጭብጨባ አጨበጨብኩ። በአንድ በኩል ሰማይ ተከፈተልኝ፤ መራጩ እኔ ነኝ! በሌላ በኩል መራጩ በእግሩ መምጣት አለበት፣ እግር ደግሞ አልሠራሁለትም። ለማንኛውም ያን ዕለት ከሰዓት እማዬ ጋደም ስትል መፍትሔ አገኘሁ፤ «ልጆቼ፣ ትንሽ አሞኛልና መምጣት አልችልም። አዘጋጅ ግን» ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ «እሷ ትሁን፤ ከሁሉም ይልቅ የተሻሻለች እሷ ናት።» ተመልከቱ፣ «የምትበልጥ» አላልኩም። «የተሻሻለች»። ልክን ማወቅ እንዲህ ነው።

ስሕተቴን አሁን ነው የምነግራችሁ። ውሸታም ለመሆን አገርን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየውን መንገድ ላስጀምራቸው እችል ነበር። ስልካቸውን ዓባያ ሐይቅ ላስገባባቸው እችል ነበር። ግን አሳመምኳቸው! እዚህ አገር ሰው ታሞ ዝም ይባላል?

ጠዋት ክፍል ስገባ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም «አሞኛል» የሚለው ላይ ቆመዋል።

«ምን አገኛቸው?»

«ወባ ነው የሚሆነው፣ በዚህ ወቅት።»

«ብቻቸውን ይሆኑ ይሆን?»

«ቲቸር፣ እንጠይቃቸው እንጂ!»

«እንጠይቃቸው!» አለ ክፍሉ በሙሉ። አንዱ ስኳር አመጣለሁ አለ፣ አንዷ ዳቦ። ሙዝ ይዘን እንሂድ ያለም ነበረ፤ ለሙዝ ገበሬ ሙዝ አይወሰድም ተብሎ ወደ ብርቱካን ተለወጠ። ፍሬውን ማለቴ ነው። ልጅቷማ እንዲሁም ትሄዳለች፤ አገሯ ነው። እሷ ግን ስትስማማም ስትቃወምም አልሰማኋትም፣ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ሮጬ ቤት ሄድኩና እማዬ ጋደም ስትል በጋሽ አንጁሎ ስም «ልጆቼ፣ ድኛለሁ፣ እንዳትመጡ» ብዬ ጻፍኩ።

«ወይ ደግነት!» አሉ ልጆቹ። «እንዳንደክም ብለው እኮ ነው!»

«በጣም ብሶባቸዋል ማለት ነው» አለች አንዷ።

አንድ አፍታ ልገድላቸው አሰብኩ። እግዜር ያያል፣ ጽፌውም ነበር፤ «አንጁሎ አረፈ» የሚል። ግን ሞት ደግሞ ለቅሶ አለው። ለቅሶ ድንኳን አለው፣ ድንኳኑ ውስጥ «ሟች የት ተቀበሩ?» የሚል አይጠፋም። ሰረዝኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከብዶ አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ሚኒባስ ሆነ።

አሥራ ስምንተኛዋ እማዬ ናት። አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ። ነጠላዋን አጣፍታ።

«እማዬ አንቺ ደግሞ የት?»

«ስንት ወር ሙሉ ምክራቸውን በነፃ የሰማሁ ሰው ናቸው። ታመው ልቀመጥ? ሰው አይደለሁም?»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። መስኮት ዳር ደረሰኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስደሰተኝም።

ምዕራብ ዓባያ ስንወርድ የብርቱካን አባት መናኸሪያው አጠገብ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጨብጠው ሰላም ካሉ በኋላ ቤታቸው ወስደው ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። ያ ማንጎ ነው። ጀርባውም አለ።

«የታመመው ማነው አላችሁ?»

«ጋሽ አንጁሎ» አለ ቲቸር።

«የትኛው አንጁሎ? አንዱ አንጁሎ ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ነው፤ እሱ ማንበብ አይችልም፣ ትናንትም ደህና ነበር። ሌላው አንጁሎ ሞቷል።»

«ሞቱ!» አለች እማዬ። ፔርሙዙን ለቀቀችና ደረቷን መታች። «እኔን! ሳልደርስላቸው!» ሁለት ልጆች አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ ስኳሩን አቅፋ።

«ኧረ እሱ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው!» አሉ አባትየው ደንግጠው። «ይህች ልጄ እንኳ አልተወለደችም!»

እማዬ እንባዋን ጠረገች። ፔርሙዙን አነሣሁላት፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

«እስቲ ሰውየው ምን እያለ ነው የሚጽፈው?» አሉ አባትየው። «በአነጋገሩ አውቀዋለሁ።»

ቲቸር ስልኩን አወጣና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ የሙዝ ግንድ እየለቀምኩ ...»

አባትየው እጃቸውን አነሡ። «እንደገና በለው።»

እንደገና አለው። ትከሻቸው መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ሆዳቸው። ከዚያ የማንጎውን ግንድ ይዘው ሳቁ።

«ከአንድ ግንድ! ሠላሳ ዓመት! ልጆች፣ ሙዝ አንዴ ነው የሚያፈራው። ካፈራ በኋላ ግንዱ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የሚያፈራው ከሥሩ የወጣው ነው። ይህ ሰውዬ ሙዝ የሚያውቀው ከተላጠ በኋላ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ቲቸር ዘነበ ስልኩን አየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን አለው? እንዴት አወቀ?» አለ ለራሱ። «እናንተን በየሳምንቱ ይህን እጠይቃለሁ። እኔ ግን ይህ ሰውዬ ማነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የምወደውን ነገር ስለተናገረ አመንኩት።»

ዝም ብዬ መቅረት እችል ነበር። ማንም አላየኝ፣ ማንም አልጠረጠረኝ። በዚህ መሀል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ብርቱካን ናት! አገሩ የሷ ነው። ራሷ ጽፋ ራሷ ትመልስ ነበር! የሙዙንም ነገር እንዳትታወቅ ብላ ሆን ብላ ነው ያበላሸችው!»

«አዎ! ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የምትመልሰው!»

«አዘጋጅ ለመሆን ነዋ!»

ሁሉም ወደ ብርቱካን ዞሩ። አባቷ ሳቃቸውን አቆሙ። እሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ማንንም አልጠቆመችም፤ ብቻ አየችኝ። ያኔ ገባኝ፤ አዘጋጅነቱ እጄ ላይ ነው። ዝም ካልኩ እሷ ትወድቃለች፣ ቀጥሎ ያለው ስም የኔ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ የተመኘሁት ነገር የአንድ ደቂቃ ዝምታ ብቻ ነው የሚያስከፍለኝ።

ዝም ለማለትም ሞክሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን አንዷ ልጅ ምን አለች፣ «ለነገሩ እሷ ናት እንዲህ አድርጋ መጻፍ የምትችለው። ‹ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሬዲዮ› ከሷ ሌላ ማን ይለዋል?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ስንት ጽሑፍ በልጣኛለች፣ እሺ። አሁን ደግሞ የኔኑ ወስደው ለሷ!

«እኔ ነኝ!» ብዬ ተነሣሁ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት! ሬዲዮውንም፣ ሐኪሙንም፣ ሁሉንም! እሷ እንዲህ መጻፍ አትችልም!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሰው ከሕሊናው የተነሣ ይናዘዛል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከቅናት የተነሣ የተናዘዘች ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት። «ቆይ ... ሰውየው የሉም ማለት ነው?»

«የሉም እማዬ።»

«አልታመሙም?»

«የሉም እኮ ነው የምልሽ።»

ተቀመጠች። የደረሰባት ነገር ከልጅ ውርደት በላይ ነው፤ የምታከብረው ሰው ነው የሞተባት። የብርቱካን አባት አዩዋትና፣ «እሜቴ፣ አጥሚቱ ይቀዝቅዝ? እኔም ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። ጠጡት። ብርቱካኑንም፣ ስኳሩንም፣ ዳቦውንም «ለጉልበቴ ነው» እያሉ ተቀበሉ። ስንሄድ ሁላችንንም ሙዝ አሸከሙን፤ እኔን ግን ግንዱን ጭምር ካላሳየሁሽ ብለው ማሳው ውስጥ ወስደው፣ የተቆረጠውንና ከሥሩ የወጣውን በጣታቸው አስነኩኝ። ከኋላችን ክፍሉ ቆሞ ያያል። እንዲህ ያለ የመስክ ትምህርት ለጠላቴም አልመኝም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ብርቱካን መጣች።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«በሙዙ?»

«በሙዙ ሰውየው ገበሬ እንዳልሆነ አወቅኩ። አንቺ መሆንሽን ያወቅኩት ደግሞ ዴስካችን ላይ ነው፤ መልስ በጻፍኩ ቁጥር መተንፈስ ታቆሚያለሽ።»

«ታዲያ ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«ጥያቄሽ ጥሩ ነበራ። ካጋለጥኩሽ ማን ይጠይቀኛል?»

እንዲህም ብላ በለጠችኝ።

ሰኞ ቲቸር ፍርዱን ሰጠ። አዘጋጅ ብርቱካን ሆነች፤ ስሟም አናት ላይ ወጣ። እኔ ደግሞ ጋሽ አንጁሎ የጻፉትን እያንዳንዱን አስተያየት በራሴ ስም እንደገና እንድጽፍ፣ ከሥሩም ላሳሳትኩት ሰው አንድ በአንድ መልስ እንድሰጥ ታዘዝኩ። ቲቸር ለራሱም ቅጣት ወሰነ፤ «ያልጠየቅኩት ሰው» የሚል ጽሑፍ ጻፈ። ልጆቹ በሦስቱ ጥያቄ ከላይ እስከ ታች በጣጠሱት። ሐሴት አደረግን።

ቅጣቴን ስጨርስ ይህንን የምታነቡትን ነገር በአጭሩ ብሎጉ ላይ ጻፍኩት። «ከዚህ አንጻር» የለበትም። አዘጋጇ ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ፤ አንዴ «እናትሽ ስታለቅስ ያየ ሌላ ሰው አለ?» ብላ፣ አንዴ «አሥራ ስምንት መሆናችንን ቆጥረሻል?» ብላ። ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ነን። ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ዴስካችን ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች።

«ስንት ሆነልሽ?» አለችኝ።

«ስንት ምን?»

«አስተያየት ነዋ። አታላግጪ።»

«ሠላሳ አንድ።»

«የኔ ትልቁ ሃያ ስድስት ነው» አለች።

ከዚያ ስልኩን አስቀመጠችና ደብተሯን ዘጋች። ብርቱካን ደብተር ስትዘጋ ድምፅ አይሰማም፤ ያን ቀን ግን ጧ! አለ። ክርኗም መጥቶ ክርኔን ገፋው።

«እስቲ ጠጋ በይ!» አለችኝ።

ጠጋ አልኩላት። አቤት ደስ ሲል!